ግማሽ ወርድ

ቶድመርደን፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1998

ለአቶ ራልፍ ቴንዝሊ፣ ለንደን

ጤናዎን እየተመኘሁ እጀምራለሁ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። መልሱን ያዘገየሁት ከንቀት አይደለም፤ ስጽፍ ቀርፋፋ ነኝ። በአሥራ አራት ዓመቴ ትምህርቴን ትቼ ሽመና ፋብሪካ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት የገበያ ዝርዝርና የሐዘን ካርድ ነው። እባክዎ ስህተቴን ይለፉኝ።

አዎ፣ ትክክለኛዋን ሰው ነው ያገኙት። አቭሪል ግሪንውድ የእኔ ልጅ ናት። ሌላ ልጅ የለኝም።

ስለ ፊልሙ የጻፉትን ሁለቴ አነበብኩት። «ዓሣዎች በጣሪያ ላይ» የተባለውን ፊልም ስሙን አውቀዋለሁ፤ አላየሁትም። ሙዚቃው በ1968 በሸክላ ወጥቶ እንደነበር፣ አሁን ደግሞ እርስዎ የሚሠሩበት ቤት ያኔ የተተዉትን ቅጂዎች ጨምሮ በሲዲ እንደገና ሊያወጣው እንደሆነ ገብቶኛል። ያንን ቃል የሌለውን ዘፈን የምትዘፍነው ሴት ማን ናት እያሉ ሠላሳ ዓመት ሲጠያየቁ የኖሩ ሰዎች አሉ ማለትዎ አስገረመኝ። እዚህ መጥተው ቢጠይቁ ኖሮ ዓሣ ጠባሹም ይነግራቸው ነበር።

ስሟ በድሮው ሽፋን ላይ ለምን እንዳልሰፈረ ለጠየቁኝ፣ እኔም አላውቅም። እርስዎን ልጠይቅ ነበር።

አንድ ፎቶግራፍ ልኬያለሁ። ነጩ ቀሚስ ለሰንበት ትምህርት ቤታችን ዓመታዊ በዓል የሚለበስ ነው። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ትከሻዋ ላይ ያለው እጅ የእኔ ነው፤ ቆርጣችሁ ብታወጡት አልቀየምም።

ስልክ ልደውል ላሉት፣ ባይደውሉ ይሻላል። የሽመና መኪኖቹ ጆሮዬን ወስደውታል። ፋብሪካ ውስጥ ጩኸቱ ስለማያሰማን ሁላችንም የምናወራው ከንፈር ለከንፈር እየተያየን ነበር። ዛሬም የሰውን ፊት ካላየሁ ድምፅ ለእኔ ከግድግዳ ወዲያ እንደሚጎተት ወንበር ነው።

በቴፕ የተቀዳ ሌላ ነገር በቤቴ የለም።

አክባሪዎ
ኢዲት ግሪንውድ


ቶድመርደን፣ ማርች 4 ቀን 1998

ለአቶ ቴንዝሊ

እንደምን ሰነበቱ? ጉንፋንዎ ለቀቀዎት? እዚህ ዝናብ ነው፤ ሌላ አዲስ ነገር የለም።

እንዴት እንደሞተች ጠይቀውኛል፣ ካልከበደዎት ብለው። አልከበደኝም። አሁን ብዙ ነገር አይከብደኝም። በኖቬምበር 1968 ለንደን በተከራየችው ክፍል ተኝታ ሳለች ነው። የጋዝ ማሞቂያው ያፈስ ነበር። መርማሪው ድንገተኛ አደጋ ብሎ ጻፈ። ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። በባቡር አመጣናት። ሰኞ ቀበርናት፣ ማክሰኞ ሥራ ገባሁ። መኪኖቹ እየሠሩ ሰው ሰውን አይጠይቅም፣ ለዚያ ጥሩ ነው።

ስለ ቤቷ ዘወትር ታወራ እንደነበር ከሙዚቀኞቹ አንዱ ነግሮኛል ብለዋል። ይህን አላውቅም ነበር። ለእኛ ግን አትጽፍም ነበር፣ ምክንያቱም እኔ ነኝ። ፊልሙ ሲወጣ ከእሱ የተወሰደ አሳፋሪ ሥዕል በጋዜጣ ታየ። ምን ዓይነት ሥዕል እንደነበረ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። በእሑዱ ሰባኪያችን ስለ እሱ ተናገረ። የማንንም ስም አልጠራም፤ ሰዉ ግን ሁሉ ዞሮ የእኛን አግዳሚ አየ። ቤት ገብቼ ኮፍያዬን ሳላወልቅ ጻፍኩላት። አልጋሽ ላይ የስፌት መኪና አስቀምጬበታለሁ፣ ቦታ የለሽም አልኳት። በዕድሜዬ ከጻፍኳቸው ደብዳቤዎች ፈጥኜ የጨረስኩት እሱን ነው።

አሁን ይቅርታ ልጠይቅዎ። ባለፈው ምንም የለም ያልኩዎት ውሸት ነው።

ያ ደብዳቤዬ ከደረሳት በኋላ በኦክቶበር አንድ ጠፍጣፋ ሳጥን በፖስታ መጣ። ትንሽ ሸክላ መስሎኝ ነበር። ስከፍተው ጥቅል ቴፕ ሆነ። አብሮት ወረቀት የለም። ለደንቆሮ እናቷ ድምፅ ላከች። ያላገጠችብኝ መስሎኝ የእጅ ጽሑፏ ያለበትን መጠቅለያ ምድጃ ውስጥ ጣልኩት። በሰፈራችን የቴፕ መኪና የነበረው የመዘምራኑ መሪ አቶ አክሮይድ ብቻ ነው። እሱ ቤት ወስጄ ባስከፍተው፣ የሰማውን ነገር ሰኞ በልብስ ማጠቢያ ቀን ሸለቆው ሁሉ ይሰማዋል። ለባሌ ለዋልተርም አላሳየሁትም። መሳቢያ ውስጥ ከጠረጴዛ ልብሱ ሥር ከተትኩት። በአምስተኛው ሳምንት ሞተች።

ከሞተች በኋላስ ለምን አላዳመጥሽም ይሉ ይሆናል። ከዚያ በኋላማ ከእሷ የቀረኝ ነገር እሱ ብቻ ነበር። ከሰሙት ያልቃል።

በሚቀጥለው ጁን የሰንበት ትምህርት ቤቱ በዓል ዝማሬ ሊቀዳ ሆነ፤ አቶ አክሮይድ በየቤታችሁ ቴፕ ካለ አምጡ አለ። እኛ ዘንድ ዕቃ አይጣልም፣ አዲስም አይገዛም፣ የክር ቁራጭ እንኳ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ዋልተር የጠረጴዛ ልብስ ሲፈልግ ሳጥኑን አገኘው። ላዩ ላይ ምንም ስላልተጻፈበት የመዘምራኑ ባዶ ቴፕ መስሎት ወስዶ ሰጠ። እኔ በአልቶው፣ ዝቅ ባለው የሴቶች ድምፅ ረድፍ ቆሜ ዘመርኩ፤ ዋልተርም ከወንዶቹ ጋር ዘመረ። ጆሮዬ ያኔም ደካማ ነበር፣ ደረቴ ግን ዜማውን ያውቀዋል። ከዝማሬው በኋላ ሻይ ላይ አቶ አክሮይድ መጣና «ዋልተርን አመስግኚልኝ፣ ጥሩ ቴፕ ነው፣ በሁለቱም ወገን ቀዳንበት» አለኝ። ከንፈሩን አየሁት። የአሳማ ሥጋ ያለበት ሳህን ይዤ ነበር። ለሚቀጥለው ሰው አቀበልኩ።

ለዋልተር አልነገርኩትም። ሳያውቅ በ1983 ሞተ።

ቴፑን አቶ አክሮይድ ኋላ መለሰልን፤ ሳጥኑን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። ውስጡ ያለው የጸሎት ቤታችን ዝማሬ ነው፤ ለምን እንደላክሁት ራሴም አላውቅም። ፖስታ ቤቷ ልጅ ምንድን ነው ብላ ስትጠይቀኝ መዝሙር ነው አልኳት።

አክባሪዎ
ኢዲት ግሪንውድ


ለንደን፣ ማርች 23 ቀን 1998

ለተከበሩ ወይዘሮ ግሪንውድ

ሳጥኑ በደህና ደርሷል። ከሁሉ በፊት ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ሳልጠይቅዎ ጥቂት ቃላት ሰምቻለሁ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

በእርስዎ ሙያ ልሞክረው፣ ከተሳሳትኩ ያርሙኝ። ቴፑን እንደ ጠባብ ጨርቅ ያስቡት። ልጅዎ የቀዳችበት የስቱዲዮ መኪና ድምፅን በሙሉ ወርዱ ላይ ይጽፋል። የቤት መኪና ግን በአንድ ጊዜ በግማሽ ወርድ ላይ ብቻ ነው የሚጽፈው። አንዱ ግማሽ ሲያልቅ ጥቅሉ ይገለበጥና በሌላው ግማሽ ላይ ከመጨረሻው ተነሥቶ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። አቶ አክሮይድ የመጀመሪያውን ግማሽ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። ሁለተኛውን ግን አልጨረሰውም። መጀመሪያው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ዝማሬው አለቀበት።

ስለዚህ በጥቅሉ መጀመሪያ ላይ፣ በግማሽ ወርድ፣ የልጅዎ ድምፅ አለ። ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ነው። ከዚያ በኋላ የነበረው ጠፍቷል፤ ምን ያህል እንደነበረ መናገር አልችልም።

የሚያቋርጣት የመዘምራኑ ድምፅ ነው። እሷ በምትሄድበት አቅጣጫ ሲጫወት ዝማሬው የኋሊት ይሄዳል፣ የቤት መኪና ቀስ ብሎ ስለሚዞርም ፍጥነቱ እጥፍ ነው። ገልብጬ በልኩ ሳጫውተው የመዝሙሩ ማብቂያ አሜን ሆኖ አገኘሁት። በዚያ ዘመን ሙዚቀኞች እንዲህ ያለ የኋሊት ድምፅ ለማግኘት ቀኑን ሙሉ ይለፉ ነበር። ይህን ለእርስዎ መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ» ስትል መኪናውን አቆምኩት። የቀረው የተላከው ለእርስዎ ነው። በካሴት ገልብጬ ልላክልዎ? ወይስ ሌላ ሰው ሰምቶ በጽሑፍ ያውጣልዎ? እንዳዘዙኝ አደርጋለሁ።

በአክብሮት
ራልፍ ቴንዝሊ


ቶድመርደን፣ ማርች 30 ቀን 1998

ለአቶ ቴንዝሊ

በካሴት ይላኩልኝ። በጽሑፍ አይሁን። ወረቀት ላይ ከሆነ የማንም ሊሆን ይችላል።

ስለ ጨርቁ የጻፉት ትክክል ነው። ግማሽ ወርድ ጨርቅ እኛም አንጥልም ነበር፤ ለትራስ ልብስ ይሆናል።

እርስዎም ያዳምጡት። ከእኔ በኋላ ግን ይሁን።

ኢዲት ግሪንውድ


ቶድመርደን፣ ኤፕሪል 16 ቀን 1998

ለአቶ ቴንዝሊ

ካሴቱ ከፋሲካ በፊት ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ። ዝም ያልኩት ስላላዳመጥኩት ነው። ትናንት ግን አዳመጥን።

አዳመጥን የምለው ጎረቤቴ ሻሚም አኽታር አብራኝ ስለነበረች ነው። ሻሚም ከፓኪስታን በ1971 መጥታ፣ ፋብሪካው እስኪዘጋ አጠገቤ ያለውን መኪና ትሠራ ነበር። በከንፈር ማውራትን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ እንግሊዝኛ ሳትችል በፊት። ጆሮዋ ግን ደህና ነው። እሷ ሰምታ በከንፈሯ እንድትነግረኝ ለመንኳት።

«እትዬ ኢዲት፣ ካበላሸሁት ሳሞሳዬን ዳግመኛ አይቀምሱም አይደል?» አለችኝ።

«በጨው የገደልሽውን ሳሞሳ ድሮስ መቼ ወደድኩት» አልኳት።

«ሦስት ሲበሉ አይቻለሁ።»

«ተርቤ ነው።»

የካሴት መጫወቻዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አንድ ዓረፍተ ነገር ታዳምጣለች፣ ታቆማለች፣ ወደ እኔ ዞራ በከንፈሯ ትለዋለች። የመስሚያ መሣሪያዬን አድርጌ ስለነበር ጉርምርምታው ይሰማኝ ነበር። ከሻሚም ድምፅ ከፍ ያለና ቀጠን ያለ ነው።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። ተቀምጠሻል?»

«ተቀምጫለሁ» አልኩ።

«ለእኔ አይደለም የሚመልሱት» አለችኝ ሻሚም።

«አውቃለሁ። ቀጥዪ።»

ሻሚም እንደገና ተጫነችው፣ ሰማች። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «አባዬ፣ የምትነግራት አንተ ነህ። ፊትህን ወደ መስኮቱ አዙርላት። ጺምህንም ተከርከም፣ ከንፈርህን ሸፍኖባታል።»

ሻሚም ይህን ብላ ብድግ አለችና ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዞረችው። ከዚያ የላይኛውን ከንፈሯን በጣቷ ነካ አድርጋ «የእኔስ ጺም ያስቸግራል?» አለችኝ። ሳቅሁ መሰለኝ።

አየሽ፣ አቭሪል ሞኝ አልነበረችም። ይቅርታ፣ አዩ ማለቴ ነው፤ ለእርስዎ መጻፌን ረስቼ ነው። ለደንቆሮ አልላከችም ነበር። ዋልተር በአክሮይድ መኪና ሰምቶ፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እንዲነግረኝ ነበር ያሰበችው። አባቷ ሁለታችንንም ማስታረቅ ይችልበት ነበር። አንድ ቃል ለዋልተር ብናገር ኖሮ ያን ቀን ይነግረኝ ነበር።

የቀረውን ሻሚም እንደነገረችኝ እጽፍልዎታለሁ። እርስዎም ስለሚሰሙት ከቃሉ አላጎድልም።

«ደብዳቤሽ ደረሰኝ። መልሱን በወረቀት ብጽፍ ስትነጫነጪ አይታየኝም። የስፌት መኪናዋ አልጋዬ ላይ በደንብ ትተኛለች? ታንኮራፋለች? እኔ እዚህ ደህና ነኝ። ክፍሉ ይቀዘቅዝ ነበር፣ አሁን የቤቱ ባለቤት አዲስ የጋዝ ማሞቂያ አስገብታልኛለች፣ ስለ ብርዱ አታስቢ። በፊልሙ ላይ የዘፈንኩት ዘፈን ቃል የለውም። አቶ አክሮይድ ቃሉን ትውጪዋለሽ እያለ ይቆጣኝ አልነበር? አሁን የምውጠው የለም። አባዬ፣ ይህን አትንገራት፣ ወይም ንገራት። እማዬ፣ የምጠይቅሽ አንድ ነገር አለ። እንቢ ብትዪኝ አልቀየምሽም። ግን በአፍሽ እንድትነግሪኝ ነው የምፈልገው። እማዬ፣ ለገና...»

ሻሚም አፏን ገጠመች።

«ከዚያስ?» አልኳት።

«ወፎች።»

«የምን ወፎች?»

«እኔ እንጃ፣ እትዬ ኢዲት። እንግሊዝኛም አይደለም፣ የእኛም አይደለም። ብዙ ወፎች ናቸው።»

«አሜን ነው» አልኳት። «የኋሊት አሜን። እኔም አለሁበት።»

ወደ ኋላ እየመለሰች ሦስት ጊዜ አጫወተችው። በሦስተኛው «ለገና» ላይ ስትደርስ ከንፈሯ አልታዘዝ አላት፣ አለቀሰች። እኔ ሻይ አፈላሁ።

አሁን ያዳምጡት።

ኢዲት ግሪንውድ


ቶድመርደን፣ ጁን 3 ቀን 1998

ለአቶ ቴንዝሊ

ረጅሙ ደብዳቤዎና ሁለቱ የሙከራ ሲዲዎች ደርሰውኛል። ከሞተች ሠላሳ ዓመት ለሆናት፣ ለማያውቋት ልጄ ስላለቀሱላት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ እስካሁን አላለቀስኩም። ይመጣል ይሉኛል።

የጠየቁኝን በየተራው ልመልስ።

ዘፈኗን ሻሚም ልትነግረኝ ሞክራ ነበር። ቃል ስለሌለው አፏን ከፍታ ቆየች። ረጅም ጊዜ ቆየች። ሲወጣ ቅንድቧ ይወጣል፣ ሲወርድ ይወርዳል። እንደዚያ አድርጌ አየሁት። ጥሩ ዘፈን ነው። ያኔ የተተዉትን ሦስቱን ቅጂዎችም ይጨምሯቸው። በመጨረሻው ላይ መሀል የምታስለውን አትቁረጡት፤ ደረቷ ከልጅነቷ ጀምሮ ደካማ ነበር።

የቴፑን ንግግር በሲዲው ማብቂያ ላይ እናድርገው ወይ ላሉት፣ አይሆንም። የኋሊቱን አሜን ብቻ እንውሰድ ላሉትም አይሆንም። ሰዎች ሲሰሙት ዜማ ይመስላቸዋል። እርስዎን ቅር እንዳይልዎ። ሥራዎ እንደሆነ አውቃለሁ፣ በትህትናም ነው የጠየቁኝ።

ምን ልትጠይቅሽ የነበረ ይመስልሻል ብለውኛል፣ ካልፈለግሁ እንዳልመልስ ጨምረው። እመልሳለሁ። ለንደን ሬሳዋን ልንወስድ በሄድን ጊዜ ሐኪሙ ለብቻችን ጠራን። አፉን በመሐረብ ይሸፍን ስለነበር የሚለው አልታየኝም። ምን አለ ብዬ ዋልተርን ጠየቅሁት። ዋልተር በከንፈሩ ማለት አልቻለም። ሁለት ጣት አሳየኝ። ሁለት ነበሩ፣ እሷና በሆዷ ያለው። ይህን ከዋልተርና ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም። አሁን ሻሚምም ታውቃለች፣ ትናንት ነግሬያታለሁ።

እንግዲህ ለገና ምን ልትል እንደነበረ መገመት ከባድ አይደለም። የፈለገችው በአፌ እንድነግራት ነበር።

ስለዚህ ትናንት ሻሚምን ጠርቼ በካሴቱ ላይ መቅዳት ይቻላል ወይ አልኳት። «ይቻላል፣ ግን የነበረው ይጠፋል» አለችኝ። «ወፎቹ ብቻ ይጥፉ፣ እሷን እንዳትነኪያት» አልኳት። እስከ «ለገና» አጫውታ አቆመችው። ቀዩን ቁልፍ ልትጫን ጣቷን ሁለቴ አስጠግታ ሁለቴ መለሰችና «ምነው፣ ፋብሪካ ውስጥ የተበጠሰ ድር ስትቀጥዪ እንዲህ ነበርሽ?» አልኳት።

«ያኔ ተቆጣጣሪው ነበር የሚያየኝ» አለችኝ፣ «አሁን ሁለት ሴቶች ናችሁ የምታዩኝ።»

ተጫነችው። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፣ ሞኝነት ነው፣ ግን አዞርኩ።

«አዎ። ነይ» አልኩ።

ከሽፋኑ ላይ «አቭሪል ግሪንውድ፣ ድምፅ» ብለው ይጻፉ። ከዚያ በላይ አያስፈልግም። የጥንቱን ጥቅል መልሰው ይላኩልኝ፤ አሜኑ እዚያ ላይ እንዳለ ይቀመጥ፣ የዋልተርም ድምፅ አብሮት አለ።

ሁለቱን ቃላት ከተናገርኩ በኋላ ካሴቱ ገና እየዞረ ነበር። ሻሚም በከንፈሯ ብቻ «ላጥፋው?» አለችኝ።

«ተዪው፣ ይሂድ» አልኳት፣ እኔም በከንፈሬ። እስኪያልቅ ድረስ ተቀምጠን ጠበቅነው።

አክባሪዎ
ኢዲት ግሪንውድ